የቲቸር አስካለ የጥናት ገበያ

በርበሬ ሲፈጭ ሰዉን ሁሉ ያስነጥሰዋል፤ እኔን ግን ፊዚክስ ያስታውሰኛል። ባለፈው ሳምንት ጉዳይ ነበረኝና መርካቶ በርበሬ በረንዳ ጎራ አልኩ። ገና ከታክሲው ሳልወርድ ሽታው ተቀበለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፈነች፤ ረዳቱ «መስኮት ዝጉ» አለ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ፈገግ ብዬ «የተጫነ ጋሪ ለመነሣት ይከብዳል፤ ከተነሣ ለመቆም ይከብዳል» እያልኩ አጉተመትማለሁ። ልጅቷ ገልመጥ አድርጋኝ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። አይፈረድባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የተማርኩበት ትምህርት ቤት ጀርባው ከበርበሬ ወፍጮ ጋር ይዋሰናል። የእኛ ክፍል መስኮት ደግሞ የሚከፈተው በዚያው በኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ሲነሣ መጀመሪያ የፊተኛው ወንበር ያስነጥሳል፤ ከዚያ መሃሉ፤ ከዚያ እኛ የኋላዎቹ። «ይማርህ»፣ «ይማርሽ» መባባሉ ስለሰለቸን ሰኞ ጠዋት አንዴ «ለሳምንቱ ይማራችሁ» ተባብለን እንገላገለው ነበር። መስኮቱ እንዳይዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ እንዳይከፈት በርበሬው አለ። እንዲህ እያስነጠስን ነው የተማርነው።

ዘጠነኛን ሁለት ጊዜ ነው የተማርኩት። የማወራችሁ ሁለተኛውን ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው የሚወራለት አይደለም። ትንሽ ልንገራችሁና እንለፈው።

ፕሮግራማችን ላይ ማክሰኞና ሐሙስ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ «ጥናት» ይላል። እኛ «ስተዲ» ነበር የምንለው። አስተማሪ አያስተምርም፤ የክፍሉ ኃላፊ የሆነው መምህር ይቀመጣል፤ ተማሪው ያጠናል ተብሎ ይታሰባል። በመጀመሪያው ዓመት ስተዲ ማለት ዝምታ ማለት ነበር። ኃላፊያችን ወንበራቸውን በሩ ላይ ገጥመው የፈተና ወረቀት ያርማሉ፤ ሹክሹክታ ከሰሙ በአርጩሜ ጠረጴዛውን ነካ ያደርጋሉ። በቃ። እኔም ደብተሬን እዘረጋለሁ፤ ክርኔን አስደግፋለሁ፤ ዓይኔን እተክላለሁ። ከሩቅ ያየኝ ሰው «እንዴት ያለች አጥኚ ናት» ይላል። ግን ያልገባኝን ነገር ባፈጥጥበት ከየት ይገባኛል? ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉን እሸመድዳለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ብጠየቅ ያው ቃሉን ነው መልሼ የምናገረው። እንዲህ በጨዋ ደንብ ተቀምጬ፣ ማንንም ሳልረብሽ፣ ወደቅሁ።

አባቴ በርበሬ በረንዳ ሱቅ አለው። ሰዉ «ጋሼ ታደለ» ይለዋል። ከጎጃም በልጅነቱ መጥቶ፣ ከሸክም ተነሥቶ ነው ለሱቅ የበቃው። ካርዴን ሲያይ አልተቆጣም። ያስፈራኝም እሱ ነው። ራቱን በላ፤ እጁን ታጠበ፤ ከዚያ «ይኸውልሽ መሲ» አለኝ። «አንድ ዓመት ማንም ይወድቃል። ዘንድሮ ብትወድቂ ግን፣ ራጉኤልን፣ መስከረም ሲጠባ ሱቅ ነው የምትውዪው። ደብተር ብሎ ነገር የለም።»

አባቴ ብዙ ይምላል፤ ነጋዴ አይደል? «እናቴ ትሙት ከዚህ አልቀንስም» ይልና እዚያው ላይ ይቀንሳል፤ አያቴ አገር ቤት በደህና አለች። በራጉኤል ግን ቀልድ አያውቅም። በራጉኤል ምሎ ሲጋራ አቁሟል። በራጉኤል ምሎ ካኮረፈው ወንድሙ ጋር ታርቋል። እናቴ እንኳን ሌላውን መሐላ ስትሰማ እየሳቀች ታልፈዋለች፤ የዚያን ቀን ግን ሰሃኑን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች።

ሱቁን ጠልቼ አይደለም። የማረቆን በርበሬ ከሌላው በጣት ጨብጦ መለየቱን ገና በልጅነቴ ለምጄዋለሁ፤ ከገዢ ጋር ማውራትም ደስ ይለኛል። ግን እዚያ አንዴ ከተቀመጥኩ እንደማልነሣ አውቃለሁ። ትምህርት ደግሞ እወድ ነበር። እኔ እወደዋለሁ፤ እሱ ነው የማይወደኝ። ያን ክረምት ይህን እያሰብኩ ብዙ አልቅሻለሁ።

መስከረም ላይ የክፍላችን ኃላፊ ሆነው የመጡት ቲቸር አስካለ ናቸው። አማርኛ ነው የሚያስተምሩት። አጠር፣ ወፈር ያሉ፣ ሹራባቸውን በሐሩርም የማያወልቁ ሴት ናቸው። ሰው ሲያወራላቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኛም እንቅልፋም ናቸው ብለን ደምድመን ነበር፤ ስተዲ ላይ ሲተኙልን ቀስ እያልን ለመውጣት የተማከሩም ነበሩ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ገቡና ወንበሩን በሩ ላይ አልገጠሙትም። መሃል ክፍሉ ውስጥ ቆሙ።

«ፊዚክስ ያልገባው እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም።

«ሂሳብስ?»

ማንም።

«ደግ። ሁላችሁም ገብቷችኋል ማለት ነው። እስቲ አንዳችሁ ኑና ለእኔ አስረዱኝ።»

ዝም። ወፍጮው ብቻ ይጮሃል። አንዱ አስነጠሰ፤ «ይማርህ» ያለው የለም።

ቲቸር አስካለ ዙሪያውን አዩን። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ» አሉ። «ለሌላው ነገር ይሁንላቸው። ትምህርት ግን በዝምታ ይነቅዛል። አምና እዚሁ ክፍል ውስጥ የነቀዘውን አውቃለሁ።» ወደ እኔ አላዩም። እኔ ግን ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ «እንግዲህ እኔ የአማርኛ ሰው ነኝ» አሉ። «ሂሳብና ፊዚክስ ላስጠናችሁ አልችልም። ግን ከናንተ መሃል አንዱ ያንዱን፣ ሌላው የሌላውን የሚያውቅ አይጠፋም። ማን ምን እንደሚያውቅ እንዴት ነው የምናገኘው?»

ከድር የሚባል ልጅ ነበር፤ አባቱ ጎማ ተራ ነው የሚሠሩት፤ ረዥም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዕቃ እኮ ካልተሰቀለ ገዢ አያየውም» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና «እንዴት ነው የሚሰቀለው?» አሉት። ከድር ደንግጦ «እኔንጃ፣ ሁሉም የያዘውን ወረቀት ላይ ጽፎ ወንበሩ ላይ ቢለጥፍ» አለ። «ገዢም እየዞረ ይጠይቃል።»

ሐሙስ ስንገባ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው መሃሉ መተላለፊያ ሆኗል። ቲቸር አስካለ ራሳቸው ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሆነው ነው የገፏቸው። እያንዳንዱ የሚችለውን ጽፎ ለጠፈ፤ ሂሳብ ተራ፣ ኬሚስትሪ ተራ፣ እንግሊዝኛ ተራ። ከድር «ፊዚክስ ተራ» ብሎ በትልቁ ጻፈ። ሕጉን ያወጡት ቲቸር አስካለ ናቸው፤ አንድ ሕግ ብቻ። «ገዢው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ካልነገረህ አልሸጥክም» አሉ። «‘ገባኝ’ ካለህ አትመነው። ሰው ለመገላገል ሲል ገባኝ ይላል።»

አቤት ያ ገበያ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ለቀልድ «ኑ፣ ኑ፣ የተጣራ ሂሳብ» እያሉ ይጣሩ ነበር። ቀልዱ ሳምንት ሳይሞላው አለቀ፤ ገበያው ግን ቀረ። አምና ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ የተቀመጡ ልጆች አንዱ ወረቀት ላይ ተደፍተው ይከራከራሉ። ዳይሬክተራችን በመስኮት አይተው «ቲቸር አስካለ፣ ይሄ ጥናት ነው ገበያ?» ብለዋቸው «ገበያ ነው» ብለው መለሱላቸው አሉ። እኔ አልሰማሁም፤ ግን አምናለሁ።

የእኔን ልንገራችሁ። የምሰቅለው አልነበረኝም። ባዶ ወረቀቴን ይዤ ጥግ ላይ ቆምኩ። ቲቸር አስካለ መጡ።

«አንቺስ ምን ይዘሻል?»

«ምንም የለኝም ቲቸር። እኔ እኮ ደጋሚ ነኝ።»

«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» አሉኝ፤ ቆጣ ብለው።

የሂሳብ ተራዋ ሃና ሰምታ ኖሮ «ቲቸር፣ መሲ ወሬ አላት» አለች። ሃና ምላሳም ናት፤ ጭንቅላቷ ግን ምላጭ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ከሰው ላለመለየት ሳቅሁ።

«ወሬ?» አሉ ቲቸር አስካለ። «የማንን ቤት ወሬ ነው የምታውቀው?»

«የሁሉንም» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

«መርካቶ ውስጥ የሁሉንም ሱቅ ወሬ የሚያውቅ ሰው ምን ይባላል?»

«ደላላ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እንግዲያው ደላላችን አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ገዢ ሲመጣ ማን ዘንድ እንደሚሄድ ታሳዪዋለሽ። ግን ዕቃውን ያላየ ደላላ ሌባ ነው። መጀመሪያ በየተራው ተቀምጠሽ አዳምጪ። ማን እንዴት እንደሚያስረዳ ሳታውቂ አንድም ሰው እንዳትልኪ።»

ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ተስፋ ቆርጠውብኛል አልኩ። አጥንታ እንደማትለወጥ አይተው፣ ሌላውን እንዳትበጠብጥ ሥራ አስያዙኝ። ይህ ማስተማር አይደለም፣ ጥግ ይዤ እንድቀመጥ ማረፊያ መስጠት ነው። ሰፈሬ አብነት እስክደርስ ይህንኑ ሳብሰለስል ነው የሄድኩት። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ «ልጄ በትምህርት ቤት ደላላ ሆነች» ብላ ለጎረቤት እንድታወራ ነው?

ግን ሥራ ሥራ ነው። የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ የያዝኩትን በዘፈቀደ አልሠራም። በየተራው ተቀመጥኩ። ሃና ሂሳብ ስታስረዳ ትበራለች፤ ሁለት መስመር ዘልላ «ይሄ እኮ ግልጽ ነው» ትላለች። ስለዚህ እሷ ዘንድ የሚላከው ግማሹን የሚያውቅ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተሰናከለ ሰው ነው። ከድር በተቃራኒው ነው፤ ከሥር ይጀምራል፤ ስትጠይቀው አይቸኩልም፤ አንተ ካልገባህ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ በሌላ ልንገርህ» ይላል። ኢነርሺያ የሚባለውን ነገር ሁላችንም በእንግሊዝኛ ሸምድደን እንደ ጸሎት እንደግመው ነበር። ከድር ግን አንድ ቀን መስኮቱን ከፈተና ወፍጮው ደጃፍ ጋሪ የሚገፉትን ሰዎች አሳየን። «እዩ፣ ሲያስነሡት ሦስት ሆነው ነው። አሁን ተነሥቷል፤ አንዱ ብቻ ይዞት ይሄዳል። አሁን ደግሞ ሊያቆሙት ነው፤ እዩት ሲጎትታቸው።» እኔ የቆምኩት ለማዳመጥ ነው እንጂ ለመማር አይደለም። ማዳመጥ ሥራዬ ነው። እንዲያ ነበር የማስበው።

ደላላነቱ ደግሞ ጣመኝ። ልጆች ክፍል ከመግባታቸው በፊት በኮሪደሩ ይዘውኝ «መሲ፣ የሂሳቡ ቤት ሥራ አቅቶኛል» ይሉኛል። «የቱ ጋ?» እላለሁ። የቱ ጋ እንዳቃታቸው ካልነገሩኝ የት እንደምልካቸው አላውቅማ። መጀመሪያ «ሁሉም» ይላሉ። «ሁሉም የሚባል ዕቃ የለም፤ የቱ ጋ ነው የቆምክ?» እያልኩ አፋጥጣቸዋለሁ። አንዳንዱ እዚያው ለእኔ ሲያወራ ይገባውና ሳይገዛ ይመለሳል።

አንድ ጊዜ ግን ተበላሸብኝ። ለምለም የምትባል ዓይን አፋር ልጅ ነበረች፤ ከወላይታ ገና የመጣች፤ ድምፅዋ አይሰማም። ቸኩዬ ሃና ዘንድ ላክኋት። ሃና እንደ ልማዷ «ይሄን አታውቂም እንዴ?» አለቻት። ለምለም ደብተሯን ሰብስባ እያለቀሰች ወጣች።

ቲቸር አስካለ አዩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ገዢ ያጣላሽ አንቺ ነሽ፤ የምታስታርቂውም አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ሂጂ። ባዶ እጇን እንዳትመልሺያት።»

ሃና ዘንድ ሄድኩና «ያንን ነገር ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ለምለም ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ» አልኳት። ሃናም አዝና ኖሮ በትዕግሥት ነገረችኝ። «መልሰሽ ንገሪኝ» አለችኝ፤ ሕግ ነው። ነገርኳት። ከዚያ ለምለምን የውኃ ቧንቧው አጠገብ አገኘኋትና ከሃና የሰማሁትን፣ የሃናን «ግልጽ ነው» አውጥቼ፣ ነገርኳት። ለምለም ዓይኗን ጠርጋ መልሳ ነገረችኝ። ቀስ ብላ፣ ሳትሳሳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምለም ከእኔ ሌላ ሰው አልፈለገችም። እኔ ደግሞ «ይቺ ልጅ አመል አላት» እያልኩ እማረርባት ነበር። ለምን እንደምትፈልገኝ አልገባኝም።

ግንቦት ደረሰ። ለፈተና ቀናት ሲቀሩ ልቤ መፍራት ጀመረ። አባቴ ስለ መሐላው አንድም ጊዜ አላነሣም፤ ግን ሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ እያሸጋሸገ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ማስለቀቁን አየሁ። ቅዳሜ ቀን ሳግዘው «እዚህ ብርሃን አለ፤ ለዓይን ጥሩ ነው» አለኝ። ደግነቱ ነው። ያ ደግነት ምን ያህል እንዳስፈራኝ ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ ሰሞን አንድ ሐሙስ፣ ገበያው ሞቅ ብሎ ሳለ፣ በሩ ላይ አንድ ኮት የለበሱ ሸምገል ያሉ ሰው ቆሙ። ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፤ አይገቡም፤ አይሄዱም። የአንዱ ተማሪ አባት መሰሉኝ። አባቴ ማታ ማታ የትንሹን ወንድሜን መጽሐፍ አንሥቶ እንዲሁ ነው የሚያየው፤ ሰው ሲያየው መልሶ ያስቀምጠዋል። እኚህም ሰውዬ መማር አምሯቸው አፍረው ነው ብዬ ገመትኩ። አንጀቴን በሉት።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፤ አይፈሩ» አልኳቸው። «ምን ፈልገው ነው?»

ሰውየው አዩኝ። «ምን ምን አለ?»

«ሁሉም አለ። ኬሚስትሪ ብቻ ባለቤቷ ዛሬ ቀርታለች። ሂሳብ ከፈለጉ ያችውልዎት ሃና፤ ግን ለጀማሪ አትሆንዎትም፤ ትቸኩላለች። ከፊዚክስ ቢጀምሩ ይሻላል። ከድር ዘንድ እወስድዎታለሁ፤ እሱ አይቆጣም።»

«ፊዚክስ ምኑ ነው የሚያስቸግረው?»

«ሰዉን የሚያስቸግረው ኢነርሺያ ነው።»

«ምንድነው እሱ?»

ወደ ከድር ዞር ብል ዙሪያውን ሰው ከቦታል። ደላላ ደግሞ የመጣ ገዢ አያስመልጥም። ከድር እስኪለቀቅ ላቆያቸው ብዬ «ጋሼ፣ ጋሪ ገፍተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«በልጅነቴ።»

«እንግዲያው ያውቁታል፤ ስሙን ብቻ ነው ያልነገሩዎት። የተጫነ ጋሪ ለማስነሣት ወገብ ይቆርጣል። ከተነሣ በኋላ ደግሞ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቁልቁለት ላይ ላቁምህ ቢሉት እሺ አይልም። ጋሪው ክፉ ሆኖ አይደለም። ማንኛውም ነገር እንደዚያ ነው፤ ከቆመ እንደቆመ መቅረት ይፈልጋል፤ ከሄደ እንደሄደ። ያንን ሐሳቡን ለማስቀየር ነው ጉልበት የሚያስፈልገው።»

«ባዶ ጋሪስ?»

«ባዶውንማ ሕፃንም ይገፋዋል። ጭነቱ በበዛ ቁጥር ነው እልሁ የሚብሰው። በእንግሊዝኛ ማስ የሚሉት እሱን ነው።»

ሰውየው አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «ታክሲው ድንገት ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት የምንወረወረውስ?»

ይህን ከከድር አልሰማሁትም ነበር። ጋሪውን በልቤ ገፍቼ አቆምኩት። «ያው ነው ጋሼ» አልኩ ከዚያ። «ታክሲው ቆመ። እርስዎ ግን መሄድዎን አላቆሙም። ለእርስዎ ፍሬን የያዘልዎት የለም።»

ሰውየው ሳቁ። ያኔ ነው ከእሳቸው ሳቅ በቀር ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ እንደሌለ ያስተዋልኩት። ሁሉም ያየኛል። ዳይሬክተራችን ከሰውየው ጀርባ ቆመዋል። ከድር ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ሱፐርቫይዘሩ ናቸው» አለኝ።  ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ «ለጀማሪ አትሆንዎትም» ብያቸዋለሁ።

«ይቺ ልጅ የፊዚክስ ኃላፊ ናት?» አሉ ወደ ቲቸር አስካለ ዞረው።

«አይደለችም፤ ደላላችን ናት።»

«ከክፍሉ ስንተኛ ናት?»

«ደጋሚ ናት» አሉ ቲቸር አስካለ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ሰውየው ሌላ አልጠየቁም። እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ። ሲወጡ ቲቸር አስካለ ጠሩኝና «መሲ፣ ድለላው ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል» አሉኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ ደወል ተደወለ።

ጉድ ፈላ። አዋረድኳቸው ብዬ ደመደምኩ። ክፍሉን በእንግዳ ፊት መሳቂያ አደረግሁ፤ እሳቸውም ደጋሚ መሆኔን ለመናገር ተገደዱ፤ ያችውን ትንሿን ሥራዬንም ነጠቁኝ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ «ወባ ይዟት ነው» አለች። ማክሰኞ ልቀር ነበር፤ ግን ቀርቼ የት እሄዳለሁ? ሱቅ?

ስገባ መሃል መተላለፊያው ላይ አንድ ወንበር ብቻውን ተቀምጧል። ቲቸር አስካለ «ያንቺ ነው» አሉኝ። «ዓመቱን ሙሉ ሰውን ወደ ገበያ ስትወስጂ ነው የከረምሽው። ዛሬ ገበያው ወደ አንቺ ይመጣል። ባለተራዎቹ በየተራ ይጠይቁሻል፤ የያዝሽውን ትነግሪያቸዋለሽ። የሌለሽን የለኝም በይ፤ ነውር የለውም።»

«ምን ይዤ ነው ቲቸር?» አልኩ። 

«በየወንበሩ ተቀምጠሽ ስታዳምጪ የከረምሽው የት የሄደ መሰለሽ?»

ሃና መጀመሪያ መጣች። ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ከድር መጣ። የኬሚስትሪዋ መጣች። አንዳንዱን አላውቀውም፤ «የለኝም» እላለሁ፤ እዚያው ይነግሩኛል፤ መልሼ እነግራቸዋለሁ። አብዛኛውን ግን አውቀዋለሁ። መቼ እንደተማርኩት አላውቅም፤ ግን አለ። በሃና አነጋገር ያለ አለ፣ በከድር ያለ አለ፣ ለለምለም ስል ያቃለልኩት አለ። ለካ ማረፊያ አልሰጡኝም። ቁጭ ብዬ ማጥናት እንደማልችል አይተው እየዞርኩ እንዳጠና አድርገውኛል፤ ያውም ሳላውቀው፣ ሳልፈራው። እኒህን ሴት ያኔ የወደድኳቸውን ያህል የወደድኩት ሰው ጥቂት ነው። አለቀስኩ። ሃና «ምን ሆንሽ፤ መልስሽ እኮ ትክክል ነው» አለችኝ።

ተፈተንን። ፈተናውን አላወራችሁም፤ ፈተና ያው ፈተና ነው።

ሰኔ ሠላሳ ወላጅ ይዞ መምጣት ግዴታ ነበርና አባቴ ከሱቅ በቀጥታ መጣ። ትከሻው ላይ የበርበሬ ብናኝ አለ። በተማሪ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ ቆሜ ባርኔጣውን ብቻ አያለሁ። ተራችን ሲደርስ ቲቸር አስካለ ብድግ ብለው ሰላም አሉት።

«ልጅቷ እንዴት ሆነች?» አለ አባቴ። ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም።

«ተዛውራለች።»

 እኔ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ከዚያ ባልጠበቅሁት መንገድ የአባቴ ፊት ጠቆር አለ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ቤት ውስጥ ስታጠና አላየሁም። እኛ ቤት ማጥኛም የለም። በእርስዎ ትምህርት ምናልባት አዝነውላት፣ ነጥብ ነገር ጣል አድርገውላት እንዳይሆን። እኔ በራጉኤል ምያለሁ። በእዘኑልኝ የመጣ ከሆነ መሐላዬ አልተነሣም።»

ቲቸር አስካለ አልተቀየሙም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ከፊቱ ተቀመጡ።

«ጋሼ ታደለ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፊዚክስ ሲባል ከሚሸሹ ሰዎች አንዷ ነኝ» አሉት። «ተማሪ ሆኜ ሸምድጄ አለፍኩ፤ አስተማሪ ሆኜ ረሳሁት። ባለፈው ወር ልጅዎ ለአንድ እንግዳ ስታስረዳ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ገባኝ። በዚህ ዕድሜዬ። እቤቴ ሄጄ ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ለእሱም ገባው። ለእሷ የማዝንላት ምን ቸግሯት ነው?»

«እርስዎን?» አለ አባቴ። «እርስዎን አስተማረች?»

«እኔን።»

አባቴ ተነሣ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ፤ ደገመው።

ከግቢው ወጣን። ሸማቹ፣ ተሸካሚው፣ ጋሪው መንገዱን ሞልቶታል፤ አባቴ ከፊት ከፊት መንገድ እያስለቀቀልኝ ይሄዳል። መገንጠያው ላይ ስንደርስ፣ አንዱ ወደ በርበሬ በረንዳ፣ ሌላው ወደ አብነት የሚወስደው ላይ፣ እኔ እንደ ልማዴ ወደ ሱቁ ታጠፍኩ። ትምህርት ሲዘጋ ሁልጊዜም ክረምቱን የማሳልፈው እዚያ ነው። አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሱቅ ነዋ አባዬ። ተዘጋ እኮ።»

«ሱቁ ባለቤት አለው» አለኝ። «አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ክንዴን ለቀቀኝና ብቻውን ወደ በርበሬ በረንዳ ሄደ።